ግሊሰን 6 የተገኘበት ጥቁር ሰው በክትትል መቆየት ይችላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የፕሮስቴት ካንሰር

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 57 ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ፒኤስኤዬ (በደም የሚለካው የፕሮስቴት ምርመራ) 5.4 ሆኖ ባዮፕሲ (በመርፌ ናሙና መውሰድ) ተደረገልኝ። ከ12 ናሙናዎች በሁለቱ ግሊሰን 6 (ዝቅተኛው የካንሰር ደረጃ) ተገኘ። ሐኪሜ ቀዶ ሕክምናም ጨረርም ለጊዜው አያስፈልግህም፣ በንቁ ክትትል (ሳይታከሙ በየጊዜው እየተመረመሩ መቆየት) ቆይ አለኝ። ወዳጆቼ ግን «ይህ ካንሰር በጥቁር ሰው ላይ ይከፋል፣ ቶሎ አስወጣው» ይሉኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የሐኪምዎን ይስሙ። ወዳጆችዎም ግን ከምንም ተነሥተው አልተናገሩም። በአሜሪካ ከስምንት ወንዶች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የፕሮስቴት ካንሰር ይገኝበታል፤ ከጥቁር ወንዶች ደግሞ ከስድስቱ አንዱ። በበሽታው የሚሞቱትም ከነጮች ጋር ሲነጻጸሩ በእጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። ይህ ቁጥር ግን ሁሉንም ጥቁር ወንድ በአንድነት የሚቆጥር ነው፤ ካንሰሩ አጥንት ከገባ በኋላ ሐኪም ዘንድ የደረሰውም፣ ኢንሹራንስ ስለሌለው ሕክምና የዘገየበትም አብረው አሉበት። የእርስዎ ጥያቄ ከዚህ ይለያል። ካንሰሩ በጊዜ የተገኘበት፣ ደረጃውም ዝቅተኛ የሆነ ጥቁር ሰው በክትትል ቢቆይ ምን ይደርስበታል ነው።

ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠው ጥናት በ2020 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የጤና ተቋም በንቁ ክትትል ላይ የነበሩ፣ አደጋቸው ዝቅተኛ የተባለ 8,726 ወንዶች ተጠኑ፤ ከእነዚህ 2,280ዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። በ10 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የገፋባቸው ጥቁሮች 59.9 በመቶ፣ ነጮች 48.3 በመቶ ሆኑ። ክትትሉን ትተው ወደ ቀዶ ሕክምና ወይም ወደ ጨረር የተሻገሩት ደግሞ 54.8 እና 41.4 በመቶ። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሠራጨባቸው ግን 1.5 እና 1.4 በመቶ፣ በበሽታው የሞቱት 1.1 እና 1.0 በመቶ ብቻ ናቸው።

እነዚህን ቁጥሮች አብረው ያንብቧቸው። ጥቁሮቹ ከክትትል ወደ ሕክምና የተሻገሩት በብዛት ነው፤ የሞቱት ግን በብዛት አይደለም። ሁሉም በአንድ ተቋም፣ በተመሳሳይ አሠራር ይታዩ ስለነበር ለውጡ በጊዜ ተይዟል። ስለዚህ በእኛ ግምት ዘርዎ ከክትትል አያስወጣዎትም። ቀጠሮ የመዝለል ነፃነት ግን ይቀንስብዎታል። ከሁለት ሰዎች አንዱ በላይ በ10 ዓመት ውስጥ ሕክምና ሊያስፈልገው እንደሚችልም ዛሬውኑ አውቀው ይግቡበት፤ ያ ቀን ቢመጣ ክትትሉ ከሸፈ ማለት አይደለም።

ቶሎ ማስወጣትም በነፃ አይገኝም። በብሪታንያ 1,643 ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት በ15 ዓመት ውስጥ በበሽታው የሞቱትን ቆጥሯል፦ በክትትል ከጀመሩት 3.1፣ ቀዶ ሕክምና ከተመደበላቸው 2.2፣ ጨረር ከተመደበላቸው 2.9 በመቶ። ልዩነቱ ጠባብ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ሽንት ስለሚያመልጣቸው ፓድ የሚጠቀሙት ግን ከቀዶ ሕክምናው ቡድን 24 በመቶ፣ ከክትትሉ 11 በመቶ ነበሩ። ተሳታፊዎቹ ከሞላ ጎደል ነጮች ስለነበሩ ለእርስዎ ውሳኔ ከላይ ያለው የወታደሮቹ ጥናት ይበልጥ ይመዝናል።

ጥያቄ፦ ባዮፕሲው ግሊሰን 6 ካለ በቃ ማመን ነው? ወንድሜ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት በኋላ 7 ሆኖ ተገኘ።

መልስ፦ የጉዳዩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን። በ2013 ከባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ የወጣ ጥናት አደጋቸው «በጣም ዝቅተኛ» ተብሎ ለክትትል ይበቁ የነበሩ፣ ነገር ግን ቀዶ ሕክምናን የመረጡ ወንዶችን አየ። የወጣው እጢ ሲመረመር ከተገመተው የከፋ ደረጃ የተገኘባቸው ከጥቁሮቹ 27.3 በመቶ፣ ከነጮቹ 14.4 በመቶ ሆኑ። ተመራማሪዎቹ ቀጥለው ቦታውን ሲያዩ፣ በጥቁሮቹ ላይ ዋናው ዕጢ በብዛት የተቀመጠው በፕሮስቴቱ የፊት ክፍል ሆኖ አገኙት። በፊንጢጣ በኩል የሚገባ መርፌ ደግሞ ናሙና የሚወስደው ከኋላ ነው፤ የፊቱን በቀላሉ ሳይነካው ያልፋል። የወንድምዎ 6 በአንድ ሌሊት 7 አልሆነም ማለት ነው። ምናልባት 7ቱ ከመጀመሪያውም ነበረ፣ መርፌው ግን አልነካውም።

ስለዚህ ክትትል ከመጀመሩ በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 12 ወራት ውስጥ ምርመራው መረጋገጥ አለበት። የፕሮስቴት ኤምአርአይ ይጠይቁ። ባዮፕሲ ቀድሞ ከተደረገ ግን ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆይ፤ መርፌው ያፈሰሰው ደም ምስሉን ያደበዝዛል። ኤምአርአይ በአጠራጣሪነት ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። 4 ወይም 5 ከሆነ ወደዚያው ቦታ ያነጣጠረ ባዮፕሲ ይደረጋል፤ ከቀሪው የፕሮስቴት ክፍልም ናሙና ይወሰዳል። ምስሉ ንጹሕ ቢሆንም ማረጋገጫ ባዮፕሲው አይቀርም፤ ኤምአርአይ የሚያልፈው ካንሰር አለና። ሐኪሙ በቆለጥ ከረጢትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል መሥራት ይችል እንደሆነ ይጠይቁት። በዚያ በኩል የፊቱ ክፍል ይደረሳል፣ ኢንፌክሽንም ይቀንሳል።

የፒኤስኤ ጥግግትም መታወቅ አለበት። ፒኤስኤውን ለፕሮስቴቱ መጠን ማካፈል ነው፤ መጠኑ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ ሪፖርት ላይ በሲሲ ተጽፏል። የመጀመሪያው ጠያቂያችን 5.4 መጠኑ 45 ሲሲ ከሆነ 0.12 ይሆናል፤ 30 ሲሲ ከሆነ 0.18። ከ0.15 በላይ ሲሆን የተሰወረ የከፋ ካንሰር የመኖሩ ጥርጣሬ ይጨምራል፤ አንድ ዓይነት ፒኤስኤ ያላቸው ሁለት ሰዎች ስለዚህ እኩል አይደሉም። የባዮፕሲውን ስላይድ ብዙ የፕሮስቴት ናሙና የሚያይ ሁለተኛ ፓቶሎጂስት እንዲያነበው ማድረግም ተገቢ ነው፤ 3+3ን (ግሊሰን 6) ከ3+4 (ግሊሰን 7) መለየት የዓይን ሥራ ስለሆነ አንባቢዎች ይለያያሉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በክትትል ላይ ነው። ፒኤስኤው ከ6.8 ወደ 3.5 ወረደ፤ ለሽንት ችግሩ ፊናስተራይድ ከጀመረ ዓመት ሆኖታል። ካንሰሩ እየጠፋ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፊናስተራይድም ዱታስተራይድም ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ፒኤስኤን በግማሽ ገደማ ያወርዳሉ። የባለቤትዎ 3.5 በእጥፍ ሲሰላ 7 ነው፤ ያው የቀድሞው አካባቢ ነው። መድኃኒቱን እየወሰደ ቁጥሩ ከዚህ ዝቅታ መውጣት ከጀመረ ትንሽ ቢሆንም ለሐኪሙ መነገር አለበት። ለፀጉር የሚሰጠው 1 ሚሊግራም ፊናስተራይድም ፒኤስኤን ያወርዳል፤ ብዙ ሰው ግን ለዩሮሎጂስቱ (ለፕሮስቴትና ለሽንት ሐኪሙ) አይነግረውም።

ፒኤስኤ ያለ ምክንያት ሊወጣም ይችላል። ከምርመራው በፊት ለሁለት ቀን ከግብረ ሥጋና ከብስክሌት ይቆጠብ፤ የሽንት ኢንፌክሽን ይዞት ከነበረ ከዳነ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆይ፤ ሁልጊዜም በአንድ ላቦራቶሪ ይመርመር። አንድ ጊዜ ስለወጣ ብቻ ወደ ቀዶ ሕክምና አይሮጥም። ምርመራው ይደገማል፣ ከዚያ ኤምአርአይ፣ ካስፈለገም ባዮፕሲ። ውሳኔውን በአብዛኛው የሚቀይረው በባዮፕሲ ላይ የግሊሰን 4 ሴል (ከ3 የከፋው ዓይነት) መታየቱ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የተወለድኩት ጎንደር ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ቁጥር እኔን ይመለከታል?

መልስ፦ በቀጥታ አይመለከትዎትም። ጥቁር አሜሪካውያን በአማካይ አብዛኛው የዘር ሐረጋቸው ከምዕራብ አፍሪካ ነው፤ አደጋን ከፍ የሚያደርጉ ተብለው ከተለዩት የዘረመል ልዩነቶችም አንዳንዶቹ ከዚያው አካባቢ ጋር የተያያዙ ናቸው። የኢትዮጵያ ሰው ዘረመል ከዚያ ይለያል። ሆኖም ይህን ለመዘናጊያ አይጠቀሙበት፤ ጥንቃቄው የሚያስከፍልዎት አንድ ኤምአርአይና ጥቂት ቀጠሮ ነው። ከዘር ይልቅ የቤተሰብዎ ታሪክ ብዙ ይናገራል። አባትዎ ወይም ወንድምዎ ታሞ ከነበረ፣ በእናትዎ በኩልም የጡት ወይም የማሕፀን እንቁላል ካንሰር ካለ የቢአርሲኤ2 ጂን ምርመራ ይጠይቁ፤ በዚህ ጂን ላይ የተወረሰ ለውጥ ያለበት ሰው በክትትል ላይ እያለ ካንሰሩ የመባባስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ወንድሞችዎና ልጆችዎም ከ40 እስከ 45 ዓመት ባለው ጊዜ የመጀመሪያ ፒኤስኤያቸውን ያሠሩ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ልወጣ ነው፤ በየዓመቱ ለስድስት ወር አዲስ አበባ እቆያለሁ። ክትትሉ ይቋረጥብኛል?

መልስ፦ ካቀዱት አይቋረጥም። ፒኤስኤ በየ6 ወሩ ስለሆነ ከመሄድዎ በፊት አንዱን፣ እንደተመለሱ ሌላውን ያሠሩ፤ ሁለቱም በአንድ ላቦራቶሪ ይሆናሉ። በዓመት አንዴ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል በጣቱ የሚያደርገውን ምርመራ፣ እንዲሁም ሐኪምዎ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ልዩነት የሚያዝዘውን ኤምአርአይና ባዮፕሲ አሜሪካ በሚሆኑበት ወቅት ያስቀጥሩ። ባዮፕሲ ተደርጎልዎት በሳምንቱ አይብረሩ፤ ትኩሳት ያለው ኢንፌክሽን ቢመጣ በአብዛኛው በእነዚያ ቀናት ነውና ከሠራልዎት ሐኪም አይራቁ። የፓቶሎጂ ሪፖርቱንና የኤምአርአዩን ሲዲ ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ አዲስ አበባ ሳሉ ሽንት ቢዘጋዎት ወይም ደም ቢያዩ የሚያገኙት ዩሮሎጂስት ከዜሮ አይጀምርም።