መልስ፦ ድንጋዮቹን የሚገፋቸው በረዶ ነው

«ማንም ሳይነካው ድንጋይ እንዴት በረሃ ላይ ይሄዳል?» ላልከው፣ መልሱ ተገኝቷል። ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ዴዝ ቫሊ ውስጥ ያለ ሬስትራክ ፕላያ የሚባል የደረቀ ሐይቅ ነው። ዝናብ ሲጥል ስስ ውሃ ይተኛበታል፣ በብርዱ ወራት ሌሊት እንደ መስኮት መስታወት የሳሳ በረዶ ይሠራል፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጣጠቅና ቀለል ያለ ነፋስ ሰፋፊውን ስባሪ እየነዳ ድንጋዩን በለሰለሰው ጭቃ ላይ ይገፋዋል። ተመራማሪው ሪቻርድ ኖሪስና ዘመዱ ጄምስ ጂፒኤስ (ቦታ ጠቋሚ መሣሪያ) የገጠሙላቸው ድንጋዮች አስቀምጠው ጠበቁ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ሲንቀሳቀሱ በዓይናቸው አዩ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ2 እስከ 5 ሜትር ስለሆነ ከሩቅ ልብ አይባልም። ማግኔት ነው፣ ጂኒ ነው ምናምን የሚሉህን ተዋቸው። ከሄድክ ግን አደራ፣ መሬቱ እርጥብ ሲሆን አትርገጠው፤ የእግር ዱካ ለዓመታት ይቀራል።