«እኔ ሶኒ ነኝ» እና ሌሎች የጌም ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የላካችኋቸው ጥያቄዎች ከአራት ኪሎም፣ ከካዛንቺስም፣ ከፒያሳም የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ግን የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ሰው የጌም ማሽኑን ሲወድ፣ ሲወድ፣ መጨረሻ ላይ የሚጣላበት ወገን ሲያደርገው። ያደግሁት ፒያሳ ጌም ቤት አግዳሚ ላይ ስለሆነ ጉዳዩ የራሴም ነው። ለዛሬ አምስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አብረን ያደግን ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሁለቱ ፒኤስ ፋይቭ (የሶኒ ፕሌይስቴሽን 5) አላቸው። ለእኔ አጎቴ ከአሜሪካ የማይክሮሶፍቱን ማሽን ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ላከልኝ። «አንተ የእኛ ወገን አይደለህም» እያሉ ያበሽቁኛል። ሸጬ እንደነሱ ልግዛ?

መልስ፦ አትሽጥ። ብሽቀቱ ከየት እንደመጣ ግን እንይ። እዚህ ከተማ የማሽን ወገንተኝነት ከማስታወቂያ የመጣ አይመስለኝም፤ ከመዋዋስ ነው የመጣው። አንዱ ሲዲ ይገዛል፣ ሳምንት ተጫውቶበት ለጎረቤት ልጅ ያውሳል። ጆይስቲክ የተበላሸበት እንግዳ ሲመጣበት ከጓደኛው ይለምናል። እኔ የማውቃቸው የፒያሳና የአራት ኪሎ ጌም ቤቶች ከፒኤስ ዋን ጊዜ ጀምሮ የሶኒን ማሽን ነበር የሚደረድሩት። ስለዚህ ሲዲውም፣ ጆይስቲኩም፣ ወሬውም የሶኒ ሆነ። ያንተ ሲሪስ ኤስ ደግሞ ከነጭራሹ ሲዲ ማስገቢያ የለውም፤ ጌሙን ሁሉ ከኢንተርኔት ማውረድ አለብህ፤ አንዳንዱ ጌም ብቻውን ከ50 ጊጋ ባይት በላይ ነው። ጓደኞችህ ሲዲ ሲቀባበሉ አንተ የምትሰጠውም የምትቀበለውም የለህም። «ወገናችን አይደለህም» ያሉህ ይህን ነው።

ደስ የሚለው፣ ኳስ የምትጫወቱ ከሆነ መገናኛ አላችሁ። ከፊፋ 23 ጀምሮ የፒኤስ ፋይቭና የሲሪስ ኤስ ባለቤቶች በኢንተርኔት እርስ በርስ መግጠም ይችላሉ፤ በዛሬዎቹ ኤፍሲ ጌሞችም እንዲሁ። ሴቲንግ ውስጥ ክሮስፕሌይ የሚለውን ሦስታችሁም ክፈቱት። በሁለቱም በኩል ወርሃዊ ክፍያ ስላለው ተነጋግራችሁ በአንድ ወር ጀምሩት። ይህ በር በቀላሉ የተከፈተ እንዳይመስልህ። ሶኒ ተጫዋቾቹን ከኤክስቦክስ ልጆች ጋር አላጋጥምም ብሎ ለዓመታት ቆይቶ፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2018 ነው ፎርትናይት በተባለው ጌም የጀመረው። በ2025 ደግሞ ማይክሮሶፍት ራሱ የመኪና ውድድር ጌሙን ፎርዛ ሆራይዘን 5ን ለፒኤስ ፋይቭ አወጣ። ኩባንያዎቹ ሲያዋጣቸው አጥሩን ራሳቸው ያፈርሱታል። እናንተ ሦስታችሁ ለነሱ አጥር ስትሉ እንዳትለያዩ።

ጥያቄ፦ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፤ አሁን ግን የ14 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ ስለ ሶኒ ክፉ ሲነገር ፊቱ ይቀላል። ከእህቴ ልጅ ጋር በዚሁ ተጣልተው ሦስት ሳምንት አልተነጋገሩም። ለአንድ የጃፓን ድርጅት ይህን ያህል መቆርቆር በሽታ ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ በሽታ አይደለም፤ አይጨነቁ። ልጅዎ ቤት ውስጥ ሊኖረው የሚችለው አንድ ማሽን ብቻ ነው፤ ዋጋውም ለቤተሰብ የሚከብድ ነው። በዚህ ሁሉ ወጪ የተገዛ ነገር ከሌላው ያንሳል ማለት ለእሱ እናቱ ተሸወደች ማለት ነው። ለሶኒ ሲቆጣ ግማሹ ለእርስዎ ነው የሚቆጣው።

ሌላው ግማሽ እኛም የምናውቀው ነው። በጊዮርጊስና በቡና ጨዋታ ቀን አንድ ገበታ የሚቀርቡ ወንድማማቾች በሁለት ቀለም ማልያ ስታዲየም ሲገቡ አይተን የለም? ግን ልዩነት አለው፤ እሱንም በደንብ ይንገሩት። ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የአራዳ ልጆች የመሠረቱት የሰፈር ቡድን ነው፤ ደጋፊው ሲጠፋ ክለቡ ይጎዳል። ኩባንያ ግን ገበያው ሲጠፋ ሥራውን ቀይሮ ይሄዳል። በ1990ዎቹ የአሜሪካ ልጆች ሴጋና ኔንቴንዶ ተባብለው ጎራ ለይተው ነበር። የሴጋው ሶኒክና የኔንቴንዶው ማሪዮ እንደ ጠላት ይታዩ ነበር። በ2001 ሴጋ ማሽን መሥራት አቆመ። በ2007 ሶኒክና ማሪዮ በአንድ ጌም ውስጥ፣ በኔንቴንዶ ማሽን ላይ፣ ጎን ለጎን ቆመው ኦሊምፒክ ተወዳደሩ። በእነሱ ስም የተኳረፉት ልጆች ያኔ ትልልቅ ሰዎች ሆነው ነበር።

ሶኒም ቢሆን ፕሌይስቴሽንን የሠራው ከኔንቴንዶ ጋር ሽርክና ጀምሮ ነው። ለኔንቴንዶ ማሽን ሲዲ ማጫወቻ ሊሠራ ተስማምቶ ሳለ፣ ኔንቴንዶ በ1991 ፊቱን ወደ ፊሊፕስ አዞረ። የሶኒው መሐንዲስ ኬን ኩታራጊ ግን ሥራውን አልተወውም፤ በዲሴምበር 1994 የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ ወጣ። ይህን ታሪክ ለልጅዎ ይንገሩት፤ ለሶኒ የሚቆረቆር ልጅ ይወደዋል።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ አጠገቡ ይቀመጡና «ኳሱን እንዴት ነው የማቀብለው?» ብለው ይጠይቁት። የእህትዎንም ልጅ ይጥሩት። ሁለቱ እርስዎን ለማስተማር ሲሻሙ ኩርፊያው ይረሳል። እኔ ቤት የሆነው እንደዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ዶሮ ማነቂያ ጌም ቤት ነበረኝ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሳ ዕቃዬን ይዤ ስድስት ኪሎ ገባሁ። አራት ፒኤስ ፎር አሉኝ። ልጆቹ «ፒኤስ ፋይቭ የለህም?» እያሉ ይመለሳሉ። ሁሉንም ሸጬ ልቀይር?

መልስ፦ ጋሼ፣ የእርስዎን ጥያቄ ሳነብ ብዙ ነገር መጣብኝ። እኔ ያደግሁበት ቤት አንድ በሩ ቆርቆሮ የሆነ ጠባብ ክፍል ነበር። ፒኤስ ዋኑ የሚሠራው ሲገለበጥ ብቻ ነበር፤ በጀርባው አስተኝተውት ሲዲው ከላይ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይዞራል። ኋላ ነው ምክንያቱን የተረዳሁት፦ በመጀመሪያዎቹ ፒኤስ ዋኖች የሌዘሩ መንሸራተቻ ፕላስቲክ ነበር፤ ሲሞቅና ሲበላ ዓይኑ ያጋድላል፣ ሲገለበጥ ደግሞ ቦታው ይመለሳል። ያኔ ግን እንደ ምትሃት ነበር የምናየው። ሕጉ «ተሸናፊ ይነሳል» ነበር፤ የተነሳው ከአሸናፊው ኋላ ቆሞ ምክር ይሰጣል። እኔ ሶኒን የወደድኩት እዚያ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የወደድኩት ያንን አግዳሚ ነው። ልጆቹም ወደ እርስዎ የሚመጡት ለአግዳሚው ነው። ጌም ቤት የተዋወቁት ልጆች ሰፈራቸው ፈርሶ በየአቅጣጫው ከተበተኑ፣ የሚገናኙበት አንድ ክፍል ማቆየትዎ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አራቱን ባንዴ አይቀይሩ። አንዱን ብቻ ሸጠው አንድ ፒኤስ ፋይቭ ይግዙ፤ ሲዲ ማስገቢያ ያለውን ይምረጡ፤ ያሉዎትን የፒኤስ ፎር ሲዲዎች አብዛኞቹን ያጫውታል። ሲዲ የማይቀበለው ረከስ ይላል፣ ለጌም ቤት ግን አይሆንም። የፒኤስ ፎር ጆይስቲክ በፒኤስ ፋይቭ ላይ የሚሠራው ለፒኤስ ፎር ጌሞች ብቻ ስለሆነ የሁለተኛውን ጆይስቲክ ዋጋ አብረው ያስቡ።

ሦስቱን ፒኤስ ፎሮች ደግሞ ይንከባከቡ። ስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ማንም ሳይነካው ራሱ ወደ ጎን የሚሄድ ከሆነ፣ ከአናሎጉ (ጆይስቲኩ ላይ በአውራ ጣት ከሚገፋው) ሥር ያለው ካርቦን የተቀባ ንጣፍ በመፋተግ አልቋል። በአልኮል ማጽዳት ለጥቂት ቀን ነው የሚያገለግል። ጠጋኙ ሲቀይርልዎ በማግኔት የሚሠራውን ዓይነት ካገኘ ያንን ያስገባልዎ፤ የሚፋተግ ነገር ስለሌለው ይቆያል። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ መጮኽ ከጀመረ አቧራ ነው፤ ከፍተው ያስጠርጉት። መብራት ሲሄድም ሶኬቱን ነቅለው፣ ተመልሶ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ሁሉንም በአንድ ዲቫይደር ላይ አይደርድሯቸው።

ጥያቄ፦ ከፒኤስ ቱ ጀምሮ የሶኒ ደንበኛ ነኝ። አካውንት ስከፍት ግን አገር ምረጥ ሲለኝ ኢትዮጵያ የለችም። ይህን ያህል ታምኜ ለምን?

መልስ፦ ቅሬታህ ተገቢ ነው። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ኢትዮጵያን አላካተተም፤ ከአፍሪካ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ነች። በሜይ 2024 ሶኒ በኮምፒውተር ሄልዳይቨርስ 2ን የሚጫወቱ ሁሉ ይህን አካውንት እንዲያወጡ ሲያዝ፣ አካውንቱ የማይከፈትባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ከመጫወቻው ሊወጡ ነበር። አካውንቱን መክፈት የሚችሉት ልጆችም ሳይቀሩ ለማይችሉት ሲሉ ጮኹ፤ ሶኒ በቀናት ውስጥ ትእዛዙን ሻረ። ከደጋፊነት ሁሉ እኔ የምኮራበት ይህኛው ነው።

ለጊዜው ብዙ ሰው የሌላ አገር መርጦ ይከፍታል። ከከፈትክ የምትገዛው የስጦታ ካርድ አካውንቱ የተከፈተበት አገር መሆን አለበት፤ የአሜሪካ ካርድ በእንግሊዝ አካውንት አይገባም። የተዘጋጀ አካውንት ከሰው እጅ ግን አትግዛ፤ ኢሜይሉ የሻጩ ከሆነ በፈለገ ቀን መልሶ ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ውጭ አገር ከሄደ አሥር ዓመት አለፈው። ፒኤስ ቱው ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ቤት ልንቀይር ስለሆነ እናቴ ጣሉት ትላለች። ልጣለው?

መልስ፦ አትጣለው፣ እህቴ። ከ2000 እስከ 2013 የተመረተው ፒኤስ ቱ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ስለዚህ ለሽያጭ ብርቅ አይደለም። የእናንተው ግን አንድ ነው። ከመሰካትሽ በፊት ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ከሰካሽው ይቃጠላል። ከፊት ለፊቱ፣ ከጆይስቲኩ መሰኪያ በላይ፣ ትንሽ ካርድ ተሰክቶ ከሆነ አትንቀዪው። 8 ሜጋ ባይት ብቻ ናት፣ የወንድምሽ ጨዋታ ግን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ካርዱን ፎርማት ላድርግ ብሎ ከጠየቀሽ እምቢ በይ። ሲዲ ሳታስገቢ አብሪው፤ በሚመጣው ማውጫ ውስጥ የካርዱን ምልክት ክፈቺና ያስቀመጣቸውን ጌሞች ታያለሽ። ፎቶ አንስተሽ ላኪለት፤ በየትኛው ቡድን ይጫወት እንደነበር እሱ ይነግርሻል።