ከረፋዱ 4 ሰዓት «ሞላ» የሚል ባትሪ ማታ ለምን ይከዳል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሁለት ባለ 100 ዋት የሶላር ፓኔል፣ አንድ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪና የ20 አምፒር ኮንትሮለር (የባትሪውን መሙላትና መቁረጥ የሚቆጣጠረው ሳጥን) አለኝ። ሁለት ዓመት ያህል በደንብ ሠራ። ከዚያ ባትሪው ደከመና በአዲስ አስቀየርኩት። የቀየረልኝ ሰው ‹ባትሪ ሳሎን ውስጥ ጥሩ አይደለም› ብሎ ወደ ዕቃ ቤት አወጣው፤ ኮንትሮለሩ ሳሎን ግድግዳ ላይ ቀረ። በመካከላቸው 4 ሜትር ያህል ገመድ ሳበ። ስድስት ወር ሳይሞላ አዲሱም ባትሪ እንደ አሮጌው ሆነ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ኮንትሮለሩ ሞላ ይላል። ማታ 3 ሰዓት ላይ አምፖሎቹም የ12 ቮልቷ ቴሌቪዥንም ድርግም ይላሉ። አሁን ሌላ ባለሙያ ፓኔል ጨምር እያለኝ ነው። ልጨምር?»

መልስ፦ አትጨምር ወንድሜ። ገንዘብህን ያዝ።

ከጻፍከው ተነስቼ የምጠረጥረውን ልንገርህ። ፓኔሎችህ ደህና ናቸው። ባትሪው ምናልባት ተጎድቶ ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን የሱ አይደለም። ጥፋቱ ከሳሎን ወደ ዕቃ ቤት የተሳበው ገመድ ነው። ነገሩ የተበላሸው ባትሪው ቦታ የቀየረ ዕለት ነው።

እንዲህ ያሰኘኝ ሁለቱ ምልክቶች አብረው መምጣታቸው ነው። ጠዋት ቶሎ ይሞላል፣ ማታ ቶሎ ያልቃል። ያረጀ ባትሪም ልክ እንዲሁ ያደርጋል፤ ሰው ሁሉ ባትሪ ለመቀየር የሚሮጠው ለዚህ ነው። ያንተ ግን ገና ስድስት ወሩ ነው። በስድስት ወር እንዲህ የሆነ ባትሪ ወይ ሲገዛም የሞተ ነበር፣ ወይ አንድ ቀን እንኳ በደንብ ሞልቶ አያውቅም። እኔ ሁለተኛው ነው ባይ ነኝ።

ሂሳቡን እንየው። አምፖሎቹና ቴሌቪዥኗ አንድ ላይ 60 ዋት ያህል ቢበሉ፣ ለ12 ቮልት ሲካፈል 5 አምፒር ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ማለትም 5 አምፒር ለሦስት ሰዓት፣ 15 አምፒር-ሰዓት ይሆናል። 100 የተጻፈበት ባትሪ ብዙም ሳይጎዳ 50ውን መስጠት ነበረበት። ያንተ 15 ሰጥቶ ዝም አለ። ጠዋትስ? ፀሐይ ከወጣች እስከ 4 ሰዓት፣ ገና ዘቅዘቅ ብላ ሳለች፣ ከሁለቱ ፓኔሎች የሚገባው 15 አምፒር-ሰዓት ያህል ነው። አየህ? ያችው ትንሽ ትገባለች፣ ያችው ትወጣለች። የቀረው የባትሪው ክፍል ባዶውን ይከርማል። ሳይሞላ የሚያድር የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጋገርበታል። ሲቆይ ይጠጥራል፤ ከጠጠረ በኋላ አይመለስም።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ፤ ይህን ነገር ሰው ቢያውቀው ስንት ባትሪ ከመጣል በዳነ።

ኮንትሮለሩ ባትሪውን አያየውም። የሚያየው የራሱ ብሎኖች ላይ ያለውን ቮልት ብቻ ነው። በብሎኖቹና በባትሪው መካከል ገመድ አለ። ገመድ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ቮልት ይበላል። ምን ያህል ይበላል የሚለውን ርዝመቱ፣ ቅጥነቱና የሚያልፍበት አምፒር ይወስኑታል። ለቤት መብራት የሚዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን በሜትር 0.012 ኦም ያህል ነው። 4 ሜትር ርቀት ማለት መሄጃና መመለሻው 8 ሜትር ነው። ሰው ሁልጊዜ የሚረሳው መመለሻውን ነው። 8 ሜትሩ ወደ 0.1 ኦም ይጠጋል። ፓኔሎችህ እኩለ ቀን ላይ የሚልኩት ደግሞ 10 አምፒር ገደማ ነው። ስታባዛው 1 ቮልት ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው።

1 ቮልት በ220 ቮልት መስመር ላይ ኢምንት ነው። በ12 ቮልት ላይ ግን ከሙሉ እስከ ባዶ ያለው ልዩነት ራሱ ያን ያህል ነው። አርፎ የቆየ ሙሉ ባትሪ 12.7 ያሳያል፣ ባዶው 11.8 አካባቢ። ስለዚህ ገመዱ የሚበላው ቮልት ኮንትሮለሩን ጨርሶ ሊያሳስተው ይችላል።

አሁን ቀኑን አብረን እንሂድ። ኮንትሮለሩ 14.4 ቮልት ሲያነብ ሞላ ብሎ አምፒሩን መቀነስ ይጀምራል። እሱ ብሎኖች ላይ 14.4 ሲነበብ ባትሪው ጋ የደረሰው 13.4 ገደማ ነው። የሳሙና ውሃ ጀሪካን ውስጥ በፍጥነት ስትቀዳ አረፋው አፉ ላይ ሲደርስ ሞላ ብለህ እንደምትዘጋው ነው፤ አረፋው ሲረግፍ ግማሽ ሆኖ ታገኘዋለህ። እርግጥ አምፒሩ ሲቀንስ ገመዱ የሚበላውም ይቀንሳል። ባትሪው ቀኑን ሙሉ በጠብታ መሞላቱ አይቀርም። ግን ሳይሞላ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ማታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። 5 አምፒር ከባትሪው ሲወጣ ገመዱ ግማሽ ቮልት ያህል ይበላል። ባትሪው ላይ 11.6 እያለ ኮንትሮለሩ 11.1 ያነባል፤ ብዙዎቹ ኮንትሮለሮች እዚያ አካባቢ ሲደርሱ ይቆርጣሉ። ያው አንድ ገመድ ጠዋት ጨምሮ ያስነብባል፣ ማታ ቀንሶ ያስነብባል።

እንግዲህ ሦስተኛ ፓኔል ብትጨምር ምን ይሆናል? 15 አምፒር ይመጣል፣ ገመዱ 1.4 ቮልት ይበላል። ያኔ ኮንትሮለሩ ከረፋዱ 4 ሰዓት እንኳ ሳይጠብቅ 3 ሰዓት ላይ «ሞላ» ይልሃል። ለዚህ ነው አትጨምር ያልኩህ።

ጥርጣሬዬን እመነኝ አልልህም፤ ለካው። ግን ከመንካትህ በፊት አንድ ነገር ስማ። ባትሪ ማጥፊያ የለውም። ፓኔሉን ብትነቅል፣ ኮንትሮለሩን ብታጠፋ፣ ባትሪው ላይ ያለው ኃይል እዚያው ነው። የብረት ቁልፍ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን በአንድ ጊዜ ከነካ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይፈስበታል፤ ብረቱ ይግላል፣ ባትሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ቀለበትህንና የእጅ ሰዓትህን አውልቅ። የቁልፉን እጀታ በናስትሮ ጠቅልለው። ቮልቱ 12 ነው ብለህ አትናቀው፤ ጣት የሚያቃጥለው አምፒሩ ነው።

ፀሐይ በደንብ በወጣችበት፣ ኮንትሮለሩ እየሞላ ሳለ፣ ገና ሞላ ከማለቱ በፊት ለካ። ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ዲሲ ቮልት ላይ አድርግ፤ ዲሲ የባትሪና የፓኔል ኤሌክትሪክ ነው። አንዱን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ የእርሳስ ጫፍ ላይ አሳርፍ፤ ሞርሴቶው (ገመዱን ከባትሪው ጋር የሚያስረው ማያያዣ) ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ የኮንትሮለሩ የባትሪ ፖዘቲቭ ብሎን ላይ። የቴስተሩ ገመድ ካጠረህ በማንኛውም ቀጭን ሽቦ ቀጥለው፤ ለመለኪያ ችግር የለውም። የሚወጣው ቁጥር ያ መስመር የሚበላው ቮልት ነው። ኔጌቲቩንም እንዲሁ አድርግ። ሁለቱን ደምር። ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ተሳስቻለሁ፤ ያን ጊዜ ባትሪውን ራሱን አስመርምር። እኔ ግን 1 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ እንደምታገኝ እገምታለሁ።

ከ1 ቮልት በላይ ከሆነ መጥፎ መጋጠሚያም ሳይኖርበት አይቀርም። የመጀመሪያውን ጫፍ እርሳሱ ላይ እንዳለ ተወውና ሌላውን በመስመሩ ላይ እያራመድክ ለካ። ከእርሳሱ ወደ ሞርሴቶው፣ ከሞርሴቶው ወደ ሽቦው፣ ከመጋጠሚያው በፊትና በኋላ። ቁጥሩ ድንገት የዘለለበት ቦታ እሱ ነው። የተጠማዘዘና በናስትሮ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ካገኘህ፣ ፓኔሉንና የባትሪውን ኔጌቲቭ ከነቀልክ በኋላ ፍታው። ናስትሮው ከሙቀት የተነሳ ለስልሶ እጅ ላይ ይጣበቃል። ሽቦው ጠቁሯል፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ዱቄት አውጥቷል፣ ከክሮቹ ገሚሱ ሲላጥ ተቆርጧል። የቤትህ መብራት በሙሉ በቀሩት ጥቂት ክሮች ላይ ነው የተንጠለጠለው። እንዲህ አድርጎ ሠርቻለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው በጣም ያናድደኛል።

ባትሪውን ማውጣቱ ራሱ ግን ልክ ነበር። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ አየር የሚያገኝ ቦታ ይፈልጋል። ወደ ሳሎን አትመልሰው። ኮንትሮለሩን ወደ ባትሪው ውሰደው። ልክ ከባትሪው በላይ አትስቀለው፤ የአሲዱ ትነት ይበላዋል። ወደ ጎን፣ አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርገው። በመካከላቸው 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ዘርጋ። አንድ ሜትር ሲሆን የሚበላው 0.06 ቮልት ብቻ ነው። ከፓኔሉ የሚመጣው ገመድ ቢረዝም ያን ያህል አይጎዳህም፤ የ12 ቮልት ፓኔል 18 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ትርፍ አለው። ለሱም ለአምፖሎቹም 4 ካሬ ይበቃል። መጋጠሚያ አታድርግ፤ ሙሉ ገመድ ሳብ።

ስትፈታ ፓኔሉን አስቀድም፣ ከዚያ አምፖሎቹን፣ ባትሪውን መጨረሻ። ከባትሪው ኔጌቲቩን ቀድመህ ፍታ። ስትገጥም በተቃራኒው፤ ባትሪው መጀመሪያ፣ ፓኔሉ መጨረሻ። ባትሪ ሳይኖር ፓኔል የተሰጠው ኮንትሮለር ሊቃጠል ይችላል።

ፖዘቲቩ ላይ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ የ30 አምፒር የዲሲ ፊውዝ አስገባ። ብዙ ቤት ይህ ፊውዝ የለም፤ ያንተም ደብዳቤ አላነሳውም። ገመዱ አንድ ቀን ቢላጥና ቢነካካ ቤት ከመቃጠል የሚያድነው እሱ ብቻ ነው። በፊውዝ ፋንታ ለቤት ኤሌክትሪክ የተሠራ ብሬከር አታድርግ። ዲሲ ሲቆረጥ ብልጭታው በቀላሉ አይጠፋም፤ ያ ብሬከር ውስጡ ሊነድድ ይችላል።

ገመድ ስትገዛ ጠንቀቅ በል። አሉሚኒየም ላይ መዳብ ቀብተው መዳብ ነው የሚሉት ገበያውን ሞልቶታል። ክሩን በቢላ ጫር አድርገው። ውስጡ ነጣ ካለ ተወው። በተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ቮልት ይበላል፣ መጋጠሚያው ላይም ቶሎ ይላላል። 6 ካሬ ተብሎ የተጻፈበት፣ ሲላጥ ግን 4 እንኳ የማይሞላም አለ። ላስቲኩ ወፍራም ስለሆነ አትታለል፤ መዳቡን እይ። ርካሽ ኮንትሮለርም እንዲሁ ነው። 30 አምፒር ይጽፉበታል፣ የብሎኑ ቀዳዳ ግን ደህና ገመድ አያስገባም። ሰውየው የገመዱን ክር ቆርጦ አሳንሶ ያስገባዋል። ይህን ካየህ ኮንትሮለሩን ቀይር እንጂ ክር አትቁረጥ። እግረ መንገድህን የባትሪ ዓይነት ምርጫውን ተመልከት። ለሊቲየም ባትሪ ተደርጎ የተተወ ስንት አለ።

የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ሰው በእንዲህ ያለ ሥራ ተማሮ «ሶላር አይረባም» ይልና ወደ ጄኔሬተሩ ይመለሳል። ጎረቤቱም ሰምቶ ይተዋል። ፓኔል የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ነዳጅ አይጠጣም፣ አይጮኽም፣ ልጆች በተኙበት ቤት ጭስ አያስገባም። ደህና ፓኔል ከ25 ዓመት በኋላም ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶ ያህሉን እንደሚሰጥ አምራቾች ዋስትና ይገቡለታል። ላዩን አቧራ ሲይዘው በማለዳ፣ ሳይግል፣ በውሃና በጨርቅ ማጠብ ነው ያለብህ። ያንተ ፓኔሎች ገና ብዙ ዘመን አላቸው። የጎደላቸው የላኩትን የሚያደርስ ገመድ ነው።

ገመዱን ከቀየርክ በኋላ አምስት ስድስት ፀሐያማ ቀን ታገስ። ማታ አንድ አምፖል ብቻ አብራ፣ ቴሌቪዥኗን ተዋት። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ መጠኑን ሲሞላ እይ፤ ከጎደለ የተጣራ የባትሪ ውሃ ጨምር፣ አሲድ በጭራሽ። በመጨረሻው ማታ ሁሉንም አጥፍተህ አሳድረውና ጠዋት ፀሐይ ሳትነካው ለካ። 12.6 እና ከዚያ በላይ ካገኘህ ባትሪህ ተርፏል። 12.4 ላይ ከቀረ የተወሰነ አቅሙን አጥቷል፤ ለአምፖሎቹ ግን ገና ያገለግልሃል። ከ12.2 በታች ከሆነ መቀየር ነው። ያን ጊዜ አሮጌውን «ይጠቅማል» ብለህ ከአዲሱ ጋር አታጣምረው፤ አዲሱን ይዞት ይወርዳል። እርሳስና አሲድ ስላለበትም የትም አይጣልም፤ አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስብ ስጠው። ስትፈታውም ቀለበትህን አውልቅ። ደከመ የተባለ ባትሪ እንኳ ቁልፍ ለማጋል የሚበቃ ኃይል አያጣም።