ሕዋሱ አረንጓዴ ሆነ ማለት ቅንጣቱ ገባ ማለት ነው?

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። 50 ናኖሜትር የሚያህሉ የሲሊካ ቅንጣቶችን ሕዋስ ውስጥ ለመግባት የሚረዳውን ታት የተባለ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) አልብሰው፣ አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም አያይዘው ሕዋሳት ላይ ጨምረዋል። ከ4 ሰዓት ቆይታ በኋላ ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አረንጓዴ ሆነዋል። «ገብተዋል ማለት እችላለሁ? በየት በኩል ገቡ? ሕዋሱንስ ይጎዱታል?» ይላሉ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ «ገና አይችሉም» ነው። በዚሁ ጉድጓድ እኔም ወድቄ ስለማውቀው ነው።

ያኔ የምሠራው ቅንጣት ከሌለበት ከባዶው ታት ጋር ነበር። ታት የኤችአይቪ ቫይረስ ፕሮቲን ቁራጭ ነው። ሙሉው ፕሮቲን ከውጭ ሲጨመር በራሱ ሕዋስ ውስጥ እንደሚገባ እ.ኤ.አ. በ1988 ከታየ በኋላ፣ ይህን ሥራ የሚሠራው ክፍል ተለይቶ ወጣ። ካሉት 11 አሚኖ አሲዶች ስምንቱ አርጂኒንና ሊዚን ስለሆኑ በአዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል የተሞላ ነው። ሕዋሳቱን ፎርማልዲሃይድ በተባለ ኬሚካል ገድዬ ባሉበት አጽንቼ ስመለከት ኒውክለሶቹ እንደ ፋኖስ ቦግ ብለው ታዩኝ። ምስሉን ያላሳየሁት ሰው አልነበረም። አንዲት ባልደረባዬ ግን ዐይታ ዐይታ «በሕይወት እያሉስ አይተሻቸዋል?» አለችኝ።

በማግስቱ ሳላጸናቸው ተመለከትሁ። ኒውክለሶቹ ጨለማ ናቸው። በዙሪያቸው ግን እንደ አሸዋ ፍሬ የደቀቁ ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ ትንሽ ታግሦ ላያቸው ሰው ደግሞ ከቦታ ቦታ ይሄዳሉ። ፎርማልዲሃይዱ የሕዋሱን ሽፋን ሲያበላሸው፣ ላዩ ላይ የተጣበቀውና በከረጢት ታስሮ የነበረው ፔፕታይድ አሉታዊ ሙል ወዳለው ዲኤንኤ ሮጦ ነበር ለካ። ይህንኑ ያጋለጠ ጥናት በ2003 ታትሞ ኖሯል፤ እኔ ሳላነብበው ስንት ሳምንት አቃጠልሁ።

ወደ እርስዎ ቅንጣት እንምጣ። የሕዋስ ሽፋን ውፍረቱ 5 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ውስጡም ስብ ነው። 50 ናኖሜትር የሆነ ጠንካራ ቅንጣት ይህን ሰንጥቆ ሾልኮ ይገባል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው። ባዶ ፔፕታይድ መጠኑ ሲበዛ አንዳንዴ በቀጥታ ያልፋል፤ እንዲህ ያለ ጭነት የተሸከመ ግን የሚገባው ሕዋሱ ራሱ ሲውጠው ነው። ታት ሕዋሱን ከሸፈኑት የስኳር ሰንሰለቶች ጋር፣ በተለይም አሉታዊ ሙል ካለው ከሄፓራን ሰልፌት ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይጎደጉድና ቅንጣቱን ጠቅልሎ ከረጢት ይሆናል። ክላትሪን በተባለ ፕሮቲን የሚሠሩት ከረጢቶች 100 ናኖሜትር ገደማ ናቸው። ሕዋሱ ፈሳሹን በጉንጩ ሙሉ ሲጎነጭ የሚፈጠሩት ግን ከዚያ በብዙ ይበልጣሉ።

ዋናው ቁም ነገር ከረጢቱ ውስጥ መሆን ማለት ሳይቶፕላዝም (የሕዋሱ ውስጠኛ ፈሳሽ) ውስጥ መሆን ማለት እንዳልሆነ ነው። እንግዳው አጥር ግቢ ገባ እንጂ ቤት አልገባም። ከረጢቱ ኤንዶሶም የሚባለው ሆኖ ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ) ወደ 6 ይወርዳል፤ ቀጥሎ ላይሶሶም የተባለው የሕዋሱ መፍጫ ከረጢት ሲሆን እስከ 4.5 ድረስ ይጎመዝዛል፤ እዚያ ያሉት ኢንዛይሞችም ፔፕታይድዎን ይቆራርጡታል። አምልጦ የሚወጣው ጥቂት ነው። አጭር አርኤንኤ የጫኑ የስብ ናኖ ቅንጣቶችን በተከታተለ የ2013 ጥናት ወደ ሳይቶፕላዝም የዘለቀው ጭነት ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነበር። እነዚያ ደግሞ ለማምለጥ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ስባቸው በአሲድ ውስጥ አዎንታዊ ሙል ይይዝና የኤንዶሶሙን ሽፋን ያናጋል። ፓቲሲራን የተባለው መድኃኒት በ2018 የተፈቀደው በዚህ ዘዴ ነው። የእርስዎ ሲሊካ እንዲህ ያለ ቁልፍ አልያዘም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሴረም፣ ማለትም ሕዋሳት ማሳደጊያው ላይ የሚጨመረው የደም ፈሳሽ ነው። ቅንጣቱ ሴረም ያለበት ፈሳሽ ውስጥ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ፕሮቲን ይለብሳል። ሕዋሱ የሚያገኘው ይህን የለበሰውን ነው፤ ያን ሁሉ የደከሙበት ታት ከሥር ተቀብሮ ሊሆን ይችላል። እኔ በንጹሕ ውኃ ስለካው 50 የነበረ ቅንጣት በሕዋስ ማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ ተጓጉሎ ከ300 በላይ ሆኖብኝ ያውቃል። የተጓጎለ ነገር ደግሞ ይዘቅጣል፤ የሚዘቅጠውም ከሥር በተኙት ሕዋሳት ላይ ስለሆነ፣ ሕዋሱ የደረሰው መጠን በወረቀት ላይ ካሰሉት ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ልኬቱን በዚያው ፈሳሽ ይድገሙት።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ከሁሉ በፊት ቀለሙን ይጠርጥሩ። ቅንጣቶቹን በማሳደጊያው ፈሳሽ ለ4 ሰዓት ያቆዩ፣ በሴንትሪፊዩጅ ያዝቅጡ፣ ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ብቻ ሕዋሳት ላይ ይጨምሩ። ሕዋሳቱ ያኔም አረንጓዴ ከሆኑ ሲያዩት የነበረው ተላቅቆ የወጣ ቀለም ነው፤ የቀረው ሙከራ ሁሉ ትርጉም ያጣል። ይህን ካለፉ ታትን ከሕዋሱ ላይ በሚያላቅቀው በሄፓሪን አጥበው፣ ፕሮቲን በሚቆርጠው ኢንዛይም በትሪፕሲን አንሥተው፣ ላይ ላይ የተጣበቀውን ካስወገዱ በኋላ ይለኩ። በ4 ዲግሪ ሴልሺየስም ይሞክሩት፤ በዚያ ቅዝቃዜ መዋጥ ይቆማልና ያኔም የሚያበራ ካለ ከውጭ የተጣበቀ ሳይሆን አይቀርም። ላይሶሶምን በቀይ የሚያሳይ ማቅለሚያ ጨምረው አረንጓዴውና ቀዩ መደራረባቸውን በሕይወት ባሉ ሕዋሳት ላይ ይመልከቱ። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ ቀለምዎ ፍሎረሲን ከሆነ በአሲድ ውስጥ ይደበዝዛል፤ ላይሶሶም የሞላው ቅንጣት የሌለ ሊመስልዎ ይችላል።

የመግቢያ መንገዶችን እየዘጉ የሚፈትኑ መድኃኒቶችን በተመለከተ ብዙም አላምናቸውም። አንዱን በር ሲዘጉበት ሕዋሱ ሌላውን ይከፍታል፤ መድኃኒቶቹ ራሳቸውም ያምሙታል። መጠቀምዎ ካልቀረ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ይሞክሩ።

ስለ ጉዳቱ፦ ሕዋሳት በሕይወት መኖራቸውን የሚለካውን ኤምቲቲ የተባለ ፍተሻ አድርገው ከሆነ ቅንጣቱን ያለ ሕዋስ በዚያው ሳህን ላይ ይፈትኑት። ኤምቲቲ ቢጫው ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ሲለወጥ የሚነበብ ነው፤ ብርሃን የሚበትን ወይም ቀለሙን የሚይዝ ቅንጣት ንባቡን ያዛባል። የካርቦን ናኖ ቱቦዎች ወይን ጠጁን ቀለም ይዘው ጤነኛውን ሕዋስ የሞተ አስመስለውታል። በተጨማሪም በ24ኛው ሰዓት በሕይወት መኖር አለመጎዳት አይደለም። አዎንታዊ ሙል የበዛበት ቅንጣት የውጭውን ሽፋን ይጎዳል። ዚንክ ኦክሳይድ በላይሶሶሙ አሲድ ሟሙቶ የዚንክ አዮን ይለቃል። ሲሊካ በበኩሉ ማክሮፋጅ በተባሉት፣ ባዕድ ነገር በሚውጡ የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ላይሶሶሙን ሊያፈርስ ይችላል፤ ካቴፕሲን የተባሉት ኢንዛይሞች ይፈስሱና ሕዋሱ የብግነት መልእክት አስተላላፊዎችን መልቀቅ ይጀምራል። የእርስዎ ሕዋሳት ማክሮፋጅ ከሆኑ ከኤምቲቲው ይልቅ ከእነዚህ መልእክት አስተላላፊዎች አንዱ የሆነውን ኢንተርሉኪን 1 ቤታን መለካት የበለጠ ይነግርዎታል።

የቀለሙን ሙከራ ሲጨርሱ ምስሉን እዚሁ ይለጥፉልን፤ በሕይወት ያሉትን ሕዋሳት ማለቴ ነው።