የበጉ ጭንቅላት የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ አራት ደብዳቤ ደርሶናል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ሁለቱ ስለ በግ ይጠይቃሉ፣ አንዷ ስለ ጭላዳ፣ አንዷ ስለ ውሻ። አንብቤ ስጨርስ ግን ነገሩ ሁሉ ግቢ ውስጥ ተኝቶ ጅራቱን የሚቆላው ውሻ ላይ ተገናኘ። እስቲ በተራ።

«ጤና ይስጥልኝ። ከመሃል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው የምኖረው። አንድ የዓመት ጠቦት ከመንጋው ተነጥሎ ወደ ግራ ብቻ ይዞራል። ሲደክመው ግንባሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይቆማል። ከመድኃኒት ቤት መርፌ ገዝቼ ሦስት ቀን አስወጋሁት፣ ምንም ለውጥ የለም። እናቴ አዙሪት ነው ይላሉ፣ ጎረቤቴ ቡዳ ነው ይላል። አሁን ሌላም ጀመረው። ከበግ ወደ በግ ይተላለፋል እንዴ?»

ወንድሜ፣ እናትህ ልክ ናቸው። ጎረቤትህን ተወው።

አዙሪት ከኮሶ ትል ዘመዶች አንዱ የሚያመጣው በሽታ ነው። ሳይንሱ ቴኒያ መልቲሴፕስ ይለዋል። ትሉ ራሱ የሚኖረው ውሻ አንጀት ውስጥ ነው፣ ርዝመቱ እስከ አንድ ሜትር ይደርሳል፣ ውሻውን ደግሞ ይህን ያህል አያሳምመውም። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ እንደ መንዝ ባለ ቀዝቃዛና እርጥብ አገር ደግሞ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። በግ ከሣሩ ጋር ይግጠዋል። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ ከአንጀት ወደ ደም ይገባና ጉዞው አንጎል ላይ ሲያበቃ እዚያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ከረጢቱ ቀስ እያለ ያድጋል፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህልበት ጊዜ አለ፣ አንጎሉን ሲጫነው በጉ መዞር ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜም የሚዞረው ከረጢቱ ወዳለበት ጎን ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ወራት አልፈዋል። ስለዚህ ጠቦትህ የታመመው ሲዞር ያየኸው ቀን አይደለም።

ከበግ ወደ በግ አይተላለፍም። ሁለተኛውም የያዘው ከዚያው ግጦሽ፣ ምናልባትም ከዚያው ውሻ ነው። ዙሩ የሚዘጋው እንዲህ ነው፦ የታመመው በግ ይታረዳል፣ ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል፣ ውሻው ከረጢቱን ይበላል። አንድ ከረጢት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ የትል ራሶች ሊኖሩ ይችላሉ፣ እያንዳንዱ ራስ ደግሞ ውሻው አንጀት ውስጥ አንድ ትል መሆን ይችላል። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ውሻው እንቁላል መጣል ይጀምራል። በዓል አልፎ ማግስቱን በየደጁ ጭንቅላት የሚጎትት ውሻ አላየሁም የሚል መንዜ ካለ ይጻፍልኝ።

መርፌውን በተመለከተ። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከነበረ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ነው እንጂ ትል አይነካም፣ አንጎል ውስጥ ከረጢት ዘግቶ የተቀመጠውንማ ጭራሽ። ሆኖም ሙሉ በሙሉ ሞኝነት ነበር አልልህም፤ ሊስቴሪያ የሚባል ባክቴሪያም በግን ያዞራል። ልዩነቱ ሊስቴሪያ ሲሆን በጉ ያተኩሰዋል፣ ግማሽ ፊቱ ይወድቃል፣ ጆሮው ይንጠለጠላል፣ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ነገሩም የቀናት እንጂ የሳምንታት አይደለም። በጊዜ ከተደረሰበት ያኔ መርፌው ሊሠራ ይችላል። ይህን የሚለይልህ ግን በጉን አይቶ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፣ ባንኮኒ ጀርባ የቆመው ሻጭ አይደለም። ስንቶቻችን ነን «በጌ አሞታል» ስንል ሰውየው እንስሳውን ሳያይ መርፌ የተሰጠን! እኔም ተሰጥቶኛል፣ ገንዘቤንም በጌንም አጥቻለሁ።

ቀዶ ጥገና አለ። አንዳንዴ ከከረጢቱ በላይ ያለው የራስ ቅል ስለሚሳሳ በጣት ሲጫኑት ይረግባል፣ የለመደ ሐኪም እዚያ ከፍቶ ያወጣዋል። ለዘር ለያዝከው ምርጥ አውራ ካልሆነ ግን ወጪውን አስበው፤ በጉ ሳይከሳ ማረዱ ይሻላል።

«እኔ ደብረ ብርሃን የምማር ተማሪ ነኝ። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር መንዝ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ ሄደን አንዲት ጭላዳ ጎኗ ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት ተንጠልጥሎባት አየን። ልጅ አዝላለች። አስጎብኚው ትል ነው አለን፣ እኛ ካንሰር መስሎን ነበር። ሰው ይይዘዋል?»

እህቴ፣ አስጎብኚሽ አውቆ ነው የተናገረው። ይሄኛው ትል ደግሞ የአዙሪቱ ወንድም ነው፣ ቴኒያ ሴሪያሊስ ይባላል። እሱም አድጎ የሚኖረው ከውሻ ወገን በሆነ እንስሳ አንጀት ውስጥ ነው፤ ከረጢቱን ግን ሌላ አገር ጥንቸል ላይ ነው የሚሠራው። የኛዋ ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ ሣር የምትግጥ ዝንጀሮ ስለሆነች ከጥንቸል እኩል እንቁላሉን ትለቅመዋለች። ከረጢቱ ቆዳዋ ሥርና ጡንቻዋ ውስጥ ያብጣል። ጓሳ ላይ ጭላዳዎችን አንድ በአንድ እየለዩ ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት እብጠት ያለባቸው እናቶች ከሌሎቹ በበለጠ እንደሚሞቱ፣ ልጆቻቸውም እንዲሁ በበለጠ እንደሚሞቱ አሳይተዋል። ያየሻት እናት ጉዳይ ቀላል አይደለም።

እሷን በመንካት አይተላለፍም። ለሰው የሚያሰጋው እንቁላሉ ነው፣ እሱም ከውሻው ዓይነ ምድር እንጂ ከጭላዳዋ አይመጣም። በነገራችን ላይ እዚያው ጓሳ ሌላ የሚገርም ነገር ተጽፏል፦ ቀይ ቀበሮ ጭላዳዎች መሐል ገብቶ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራ በሁለቱ ያህል ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲያድን ግን ከአራት አንዱ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ቀበሮውም ቢሆን ግልገላቸውን እምብዛም አይነካም። ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው።

«እኔ ጣርማበር አካባቢ የምኖር እናት ነኝ። ሁለት ውሾች አሉኝ። ክትባት ሊሰጡ ሲመጡ ‹ለቀይ ቀበሮው ሲባል ነው› አሉን። ለቀበሮ ብዬ ነው ውሻ የማስከትበው? ደግሞስ ባለፈው የትል መድኃኒት ሰጥቼው የለ እንዴ?»

እትዬ፣ መጀመሪያ ሁለቱን እንለያቸው፣ ብዙ ሰው ያቀላቅላቸዋል። የሰጡት የትል መድኃኒት የሚገድለው ትሉን ነው። ክትባቱ የሚከላከለው የእብድ ውሻ በሽታን ነው፣ እሱ ቫይረስ ነው፣ የትል መድኃኒት አያውቀውም። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ክትባቱ ደግሞ ከቀበሮው በፊት ለልጆችዎ ነው። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው ምልክቱ አንዴ ከታየበት መትረፉ የማይታሰብ ነው ማለት ይቻላል። ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ በየዓመቱም ይደገማል። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። የአገር መድኃኒት እየቀመሱ «እስቲ እንየው» ማለት ነው የሚያስፈጀው።

የቀበሮው ነገር ግን ውሸት አይደለም። ቀይ ቀበሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው ያለው፣ ያደጉት ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም። ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.)፣ ደግሞ በ2003፣ በ2008 ገብቶ ብዙ ገድሏል። መነሻው የሰው ውሻ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት መስጠት ተጀመረ። በሥጋ አባብሎ ማስከተብ! የእርስዎን ውሻ እንኳ በገመድ ይዞ ማስከተብ ይቀላል።

ለትሉ ፕራዚኳንቴል ይጠይቁ፣ መጠኑ በውሻው ክብደት ነው። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ውሻውንም በዚያው ልክ ያስታውሱት። (በኮሶ አበባ ግን አይደለም።) ፕራዚኳንቴል ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ የሚያመጣውን ሌላኛውን የውሻ ትልም ያወጣዋል፣ ልጆች ደግሞ ውሻ አቅፈው እጃቸውን ሳይታጠቡ እንጀራ እንደሚቆርሱ ያውቁታል። መድኃኒቱን ሲሰጡት ለአንድ ሁለት ቀን ይሰሩትና የሚወጣውን ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት፣ አለበለዚያ ግጦሹን በእጅዎ ዘሩት ማለት ነው።

«አዙሪት የያዘው በግ ሥጋው ይበላል ወይ? አጭር መልስ እፈልጋለሁ።» (ከሞላሌ)

ሌላ በሽታ ከሌለውና ካልከሳ ይበላል። ጭንቅላቱን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረህ ቅበረው ወይም አቃጥለው። ውሻህ ቆሞ ቢያይህም አትዘንለት። የግድ ልስጠው ካልክ ከረጢቱም ውስጡ ያለውም እስኪበስል በደንብ ቀቅለህ ስጠው።