ፍሬቻ ሳሳይ የተሳቢው መብራት ሁሉ ለምን ይርገበገባል? (መልስ)

ወንድሜ፣ ፒክአፕህ ላይ ጋንቾ (የተሳቢ መጎተቻ) እና የተሳቢውን መብራት የሚያገናኝ ሶኬት ካስገጠምክ በኋላ ፍሬቻ ስታሳይ የተሳቢው መብራቶች ደብዝዘው አብረው የሚርገበገቡት ባብዛኛው በማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ በሚመለስበት መስመር) ችግር ነው። አምፖል ከመቀየርህ በፊት ባለ 7 ቀዳዳውን ሶኬት ክፈት። 3ኛው፣ ነጩ ሽቦ፣ ማሳ ነው። ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ከታሰረ በደንብ አያስተላልፍም፤ መብራቶቹም መመለሻ ሲያጡ የአንዱ ኤሌክትሪክ በሌላው አምፖል በኩል ይመለሳል። ሻሲውን (የመኪናውን ዋና የብረት አካል) ንጹህ ብረት እስኪታይ ፈግፍገህ ነጩን ሽቦ በቡሎን እሰረው፣ ላዩን ግሪስ ቀባ፤ በጅማ ዝናብና ጭቃ ያልተሸፈነ ማሰሪያ ቶሎ ይዝጋል። በጋንቾው ኳስ በኩል በሚገኝ ማሳ ፈጽሞ አትተማመን።

የቀሩት የሶኬቱ ሽቦዎች፦ 1 ቢጫ ግራ ፍሬቻ፣ 4 አረንጓዴ ቀኝ ፍሬቻ፣ 5 ቡናማ የቀኝ የኋላ መብራት፣ 7 ጥቁር የግራው፣ 6 ቀይ ፍሬን፣ 2 ሰማያዊ የጉም መብራት። የተጠገነ ተሳቢ ላይ ቀለሙ ስለሚያሳስት በቁጥሩና በቴስተር አረጋግጥ።

ጋንቾው ባምፐር ላይ ሳይሆን ሻሲ ላይ መታሰር አለበት። ጭነህ አጋሮ ደርሰህ ስትመለስ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቃቸው፤ መጀመሪያ ሰሞን ይላላሉ።