የሞት ፍርድ በሰው አገር፦ በዕፅ ዝውውር ስለሚያዙ ዜጎች ጥያቄና መልስ

ከአባላት የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በዕፅ ምክንያት የሚገድሉት የትኞቹ አገሮች ናቸው? ስንት ግራም ሲሆን?

መልስ፦ በሕጋቸው ያስቀመጡት ከ30 በላይ ናቸው። በተግባር በብዛት የሚፈጽሙት ግን ጥቂት ናቸው፦ ኢራን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ሲንጋፖርና ቁጥሯን የመንግሥት ምስጢር አድርጋ የያዘችው ቻይና።

ሲንጋፖር ከ15 ግራም በላይ ሄሮይን፣ ከ30 ግራም በላይ ኮኬይን፣ ከ250 ግራም በላይ ሜታምፌታሚን፣ ከ500 ግራም በላይ ካናቢስ ብላ ቁርጥ አድርጋ ጽፋዋለች። ቻይና 50 ግራም ሄሮይን ወይም ሜታምፌታሚን ሲደርስ ከ15 ዓመት እስር እስከ ሞት ያለውን ቅጣት ትከፍታለች። አመዛዘናቸውም ይለያያል። የሲንጋፖሩ 15 ግራም በላቦራቶሪ ተጣርቶ የሚገኘው ንጹሕ ሄሮይን ነው። በቻይና ሕግ ግን የሚቆጠረው የተያዘው ጠቅላላ ክብደት ነው፣ ከምንም ጋር ቢደባለቅ። ሳዑዲ ጭራሽ የግራም መስመር የላትም፤ የምታየው ድርጊቱን ነው። ድንበር ያሻገረ፣ ከአሻጋሪ የተቀበለ፣ ለንግድ ያመረተ ሁሉ በሕጉ አንቀጽ 37 ሥር ይወድቃል።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ከየመን ወደ ሳዑዲ ሲሻገር ጂዛን ላይ ሀሺሽ ተሸክሞ ተይዟል። ሞት ተፈርዶበታል ይሉናል። የደም ካሳ እናዋጣ ብለን ሰው ማስተባበር ጀምረናል። ስንት ይጠይቃሉ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ግን ማዋጣቱን አሁኑኑ አቁሙት። የደም ካሳ (ዲያ) የሚሠራው በነፍስ ግድያ ነው። እዚያ ይቅር የማለት መብት የሟች ቤተሰብ ስለሆነ ገንዘብ ተቀብለው ሊተዉት ይችላሉ። በዕፅ ክስ ይቅር የሚል ቤተሰብ የለም፤ ከሳሹ መንግሥት ነው፣ ቅጣቱም «ተዕዚር» የሚባለው በዳኛ ሚዛን የሚወሰን ቅጣት ነው። «ይህን ያህል ሪያል ከተከፈለ ይለቀቃል» የሚላችሁ ሰው ካለ ወይ ሕጉን አያውቅም ወይ ሊበላችሁ ነው።

ያላችሁ መንገድ ሌላ ነው። ያው አንቀጽ 37 ዳኛው ምክንያቱን ጽፎ ሞቱን ከ15 ዓመት ወደማያንስ እስርና ከ100 ሺህ ሪያል ወደማያንስ መቀጮ እንዲያወርደው ይፈቅዳል። ለጠበቃው ይህን በር የሚከፍትለት ቁሳዊ ማስረጃ ነው፦ ዕድሜ (የልደትና የትምህርት ቤት ሰነድ)፣ ልጁ በአሻጋሪዎች እጅ እንደነበረ የሚያሳይ የስልክ ድምፅና መልእክት፣ ቤዛ ተጠይቃችሁ ከሆነ የላካችሁበት የባንክ ደረሰኝ። በዚያ መስመር የሚጓዙ ስደተኞች «ይህን ተሸከምና በነፃ እናሻግርህ» መባላቸው የተለመደ ነው፤ አንዳንዱም በመሣሪያ ይገደዳል። ይህን ፍርድ ቤቱ የሚሰማው ሰነድ ይዞ የሚቀርብ ሰው ካለ ብቻ ነው።

ሰነዶቹን በሰነዶች ማረጋገጫ፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ አዲስ አበባ ባለው የሳዑዲ ኤምባሲ አስረጋግጣችሁ በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ ዓረብኛ አስተርጉሟቸው። አንዱ ማኅተም ከጎደለ ወረቀቱ ዋጋ የለውም።

አትዘግዩ። ሳዑዲ በዕፅ የሚፈረድ ሞት መፈጸምን ለሦስት ዓመት ገደማ አቁማ በኅዳር 2022 መልሳ ጀመረች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2024 ከቆጠራቸው 345 ግድያዎች 122ቱ በዕፅ ነበሩ። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አይነገረውም፤ ከዜና ነው የሚሰማው።

ጥያቄ፦ «ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም፣ ጓደኛ ነው አድርሽልኝ ያለኝ» ማለት አያድንም እንዴ? እውነት ከሆነስ?

መልስ፦ እውነት መሆኑ ብቻውን አያድንም፤ የማስረዳት ሸክሙ የተገለበጠ ነውና። በሲንጋፖር ሕግ ዕፁ ያለበትን ሻንጣ የያዘ ሰው ዕፁንም እንደያዘ፣ ምንነቱንም እንደሚያውቅ ይገመታል። አለማወቁን ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ ነው። በማሌዥያ ደግሞ መያዝን ገምቶ፣ በዚያ ግምት ላይ ማዘዋወርን የሚያስገምት ድርብ ግምት ነበር፤ የአገሪቱ የበላይ የሆነው የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2019 ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሰረዘው። በ2023 ደግሞ አገሪቱ ዳኛውን ምርጫ የሚያሳጣውን አስገዳጅ የሞት ቅጣት አስቀረች።

በ2019 መጀመሪያ አገር ያነጋገረውን የወጣቷን ጉዳይ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቻይና ላይ የተያዘው ኮኬይን በሻምፑ ጠርሙሶች ውስጥ ነበር፣ ጓደኛ የሰጠቻት ዕቃ ነው ተባለ። እንዲህ ባለ ክርክር ዳኛ የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። ትኬቱን ማን ገዛ? ሰጪው ማን ነው፣ አሁን የት አለ? ተቀባዩስ? ዕቃው ከተለመደው ክብደት በላይ አልነበረም? ከመነሣቷ በፊት የተጻጻፉት ምን ይላል?

ብዙ ቤተሰብ የሚስተው ነገር ሰጪውን አገር ቤት መክሰስን ነው። በ2010 ኢንዶኔዥያ ላይ 2.6 ኪሎ ሄሮይን ሻንጣዋ ውስጥ የተገኘባት ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ በሚያዝያ 2015 ልትረሸን ሰዓታት ሲቀሩ የዳነችው፣ መልማይዋ ፊሊፒንስ ውስጥ እጇን ስለሰጠችና መንግሥት «ለዚያ ክስ ምስክራችን ናት» ብሎ ስለጠየቀ ነው። በታኅሣሥ 2024 አገሯ ገባች። እኛም ዘንድ በሰው የመነገድና ስደተኞችን የማሻገር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 1178/2012 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አለ። ለፌዴራል ፖሊስ ማመልከቻ አስገብቶ የክስ መዝገብ ቁጥር መያዝ ለውጭው ጠበቃ ከመቶ ልመና ይበልጥበታል።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ እኔ ግን አዝኜም አላውቅ። የሰው አገር ገብቶ መርዝ የሚነግድ የአገሩን ሕግ ይቅመስ። ሲንጋፖር እኮ በዚህ ነው ንጹሕ የሆነችው!

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአገሩ ሕግ በውጭ ዜጋም ላይ ይሠራል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለንም። የሲንጋፖር መንግሥትም መከራከሪያ አለው፦ በ1990 ከ1200 ግራም በላይ ኦፒየም ያዘዋወረ ይሙት ከተባለ በኋላ በነበሩት አራት ዓመታት አንድ አዘዋዋሪ የሚሸከመው አማካይ መጠን በ66 በመቶ ወረደ ይላል። ግን ቁጥሩን አንብበው። የወረደው በአንድ ሰው የሚሸከመው ነው። ነጋዴው መስመሩን ካወቀ ዕቃውን ይከፋፍላል፣ ተሸካሚ ያበዛል። በዚያው አገር ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲያቀል «ከ14.99 ግራም የማያንስ» ብሎ የሚጽፈውም የሞት መስመሩን ላለማለፍ ነው።

ሌላም ችግር አለው። ከ2013 ጀምሮ ሲንጋፖር ውስጥ ተሸካሚ ብቻ የነበረና መረብ ለመበጠስ የረዳ መሆኑን ዐቃቤ ሕግ በምስክር ወረቀት ካረጋገጠለት፣ ዳኛው ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክና ከ15 የማያንስ የአለንጋ ግርፊያ ሊለውጠው ይችላል። ታዲያ ብዙ የሚያውቀው ማን ነው? ወደ ላይ የተጠጋው። ምንም የማያውቀው የታችኛው ተሸካሚ የሚሸጠው መረጃ የለውምና ገመዱ ለእሱ ይቀራል። ለእኔ የዚህ ቅጣት ትልቁ ነውር ይህ ነው።

ኢራን በ2017 ለሄሮይን የሞት መስመሩን ከ30 ግራም ወደ 2 ኪሎ ከፍ ስታደርግ በዕፅ የሚገደለው ሰው በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ፤ ከ2021 ወዲህ መልሶ አሻቀበ። ሕጉ ያው ነው፤ የተለወጠው የአፈጻጸሙ ፖለቲካ ነው።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ራሷ የሞት ቅጣት በሕጓ አላት። በየትኛው አፏ ነው ለዜጋዋ የምትለምነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። «ሞት በጠቅላላው ስህተት ነው» ብላ መከራከር ይከብዳታል፣ ምንም እንኳ ከ2007 ወዲህ የሞት ፍርድ ባታስፈጽም። ግን ጠባብና ጠንካራ መከራከሪያ አላት። የወንጀል ሕጋችን ዕፅ ማዘዋወርን በጽኑ እስራትና በመቀጮ እንጂ በሞት አይቀጣም። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ ደግሞ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ስምምነትን ሲተረጉም፣ ሞት ለ«እጅግ ከባድ ወንጀል»፣ ማለትም ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ግድያ ብቻ ነው፣ ዕፅ አይገባበትም ብሏል (2018)። ችግሩ ሳዑዲና ሲንጋፖር የስምምነቱ አባል አይደሉም፤ ቻይናም ፈርማ አላጸደቀችም። ስለዚህ ሕጉን ጠቅሶ ማስገደድ አይቻልም፤ ወደ ምሕረትና ወደ ዲፕሎማሲ ይወርዳል። በዚህ ደግሞ ዋናው ጊዜ ነው። ፍርዱ ከጸና በኋላ የሚሄድ የሚኒስትር ደብዳቤ፣ ቃል በሚሰጥበት ሳምንት እስር ቤት የሚገኝ አንድ የቆንስላ ሠራተኛን አያክልም።

ጥያቄ፦ የያዙት ዕለት ምን ማድረግ አለበት? በአጭሩ።

መልስ፦ አስተርጓሚ ሳይኖር በማያነበው ቋንቋ በተጻፈ ቃል ላይ አይፈርም፣ አሻራም አያኑር። ካስገደዱት በአማርኛ «አልተነበበልኝም» ብሎ ከአሻራው ጎን ይጻፍ። ቆንስላ ይጠይቅ፤ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 ያለው ለዚህ ነው። ማሳወቁ የሚፈጸመው እስረኛው ሲፈልግ ነውና ዝም ካለ ላይነገር ይችላል። ከአገሩ መንግሥት ሸሽቶ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ግን ከኤምባሲው ይልቅ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽንን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ቤተሰብ ደግሞ ለሪያድ ኤምባሲ ወይም ለጅዳ ቆንስላ ሲያመለክት ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። ያለ ፓስፖርት የተሻገረ ከሆነ ለፖሊስ የሰጠውን ስም ጭምር፤ ብዙ ሰው እስር ቤት የሚጠፋው በስም ልዩነት ነው።

ጥያቄ፦ ቢጫ ካርድ ያለው አሜሪካዊስ? የኛ ኤምባሲ ይቆምለታል?

መልስ፦ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ዜግነት አይደለም። መጠየቅ ያለበት የአሜሪካን ኤምባሲ ነው።

ጥያቄ፦ ጫትስ? አገር ቤት እኮ ሕጋዊ ነው።

መልስ፦ ሳዑዲም ቻይናም የተከለከለ ነው። «ቅጠል ብቻ ነው» የሚል መከላከያ የለም። አትያዙ፣ የሰውም አታድርሱ።

ጥያቄ፦ ከተፈረደ በኋላ ለይግባኝ ስንት ቀን አለ?

መልስ፦ ሳዑዲ ፍርዱ በእጅ ከደረሰ 30 ቀን። የሞት ፍርድ ማንም ባይጠይቅም ወደ ይግባኝ ይሄዳል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳያጸናውም አይጸናም፤ ግን ያለ ጽሑፍ መከራከሪያ የሄደ መዝገብ ባዶውን ነው የሚመረመረው። ሲንጋፖር 14 ቀን። ቻይና 10 ቀን ብቻ፣ ከዚያ የቤጂንጉ ጠቅላይ ሕዝባዊ ፍርድ ቤት እያንዳንዱን የሞት ፍርድ ይገመግማል። ቻይና ውስጥ «ከሁለት ዓመት ማዘግያ ጋር» የሚል ቃል ፍርዱ ላይ ካለ፣ እስረኛው በሁለቱ ዓመት ሆን ብሎ ወንጀል ካልሠራ ወደ ዕድሜ ልክ ይለወጣል። ስለዚህ «ሞት ተፈረደበት» ሲሏችሁ መጀመሪያ የፍርዱን ቅጂ ጠይቁ።